«ያላገባ» የሚለው ወረቀት ያልነገረን፦ ቤት ስንገዛ ከቤተሰብ ሕግ ጋር የተገናኘንበት መንገድ

ከባለቤቴ ጋር ቤት ለመግዛት የወሰንነው በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነበር። ለዚህ ያዘጋጀነው ገንዘብ ከሁለት ወገን የመጣ ነው። ግማሽ ያህሉ ሁለታችንም ከደመወዛችን ለዓመታት ያጠራቀምነው ሲሆን፣ የቀረው ደግሞ አባቴ ካረፉ በኋላ ደሴ የነበረው ቤታቸው ተሽጦ ለእኔ የደረሰኝ የውርስ ድርሻ ነው። የገንዘቡን ምንጭ ከመጀመሪያው የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኛ ስለ ቤቱ ካርታ ብቻ ስንጨነቅ፣ በሕግ ፊት ከካርታው እኩል የሚመዘነው ሻጩ ከማን ጋር እንደኖረ፣ እኛም ገንዘቡን ከየት እንዳመጣነው መሆኑን የተረዳነው ብዙ ከተጓዝን በኋላ ነው። ቤት ሊገዙ የተዘጋጁ ሰዎች ያንን በጊዜው እንዲያውቁት ብዬ የገጠመኝን በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ ያየነው ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት የሚሸጡት ነበር። ካርታው በሟች ባላቸው ስም ነው። እርሳቸው «ቤቱ የእኔ ነው፤ ከእኔ ሌላ ማን አለው?» ይሉ ነበር፣ በቅን ልቦናም ያምኑበት ነበር። በሕጋችን ግን በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ ከጋራ ንብረቱ ግማሹን የራሱ አድርጎ ይወስዳል እንጂ፣ ኑዛዜ ከሌለ የሟችን ግማሽ አይወርስም፤ የሟች ግማሽ በቅድሚያ የሚተላለፈው ለልጆቹ ነው፣ ለልጆቹም እኩል ነው። እርሳቸው አራት ልጆች ነበሯቸው፤ አንደኛው ልጅ ውጭ አገር ነበር፣ የወራሽነት ማስረጃም ገና አልወጣም ነበር። እኒያን እናት ማንም ሊያታልላቸው ወይም እርሳቸው እኛን ሊያታልሉ አልፈለጉም፤ ነገር ግን ሊሸጡልን የሚችሉት የራሳቸውን ድርሻ ብቻ ነበርና ትተነው ሄድን።

ቀጥሎ ደላላው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አሳየን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሳሎኑ ድረስ ይገባል። ዋጋው 1,150,000 ብር ተባለ። ሻጩ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ካርታው በእርሱ ስም ብቻ ነው። ቤቱ ዕጣ ወጥቶለት ከተረከበ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ ይህንን የጠየቅነው የኮንዶሚኒየም ቤት ከተላለፈ 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ የተከለከለ መሆኑን ሰምተን ስለነበር ነው። ባንኩ ዕዳው ተከፍሎ ማለቁን የገለጸበትን ደብዳቤ አሳየን። ከሚኖርበት ወረዳም ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ፣ ማኅተሙ ገና ያልደበዘዘ፣ አውጥቶ ዘረጋልን። እኛም ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ብለን፣ በዚያው ዕለት ደላላው በእጁ በጻፈው አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሦስት ምስክሮች ፈርመው 50,000 ብር ቀብድ ሰጠን።

ያ የመጀመሪያው ስሕተታችን ነበር፤ ስሕተትነቱም በገንዘቡ መጠን አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» የምንለው መሥሪያ ቤት የሚፈለገው ለዚህ ነው። በዚህ አንቀጽ የተነሣ ብዙ ገዥና ሻጭ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ተከራክረዋል። ስለ ቀብድም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ደንብ አለ፤ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሰው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ በእርግጥ በሕጉ በአንቀጽ 1885 ተጽፏል። ነገር ግን ዋናው ውል ሕጉ በሚጠይቀው አኳኋን ሳይደረግ፣ በደላላ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ እጥፉን መጠየቅ ራሱን የቻለ ክርክር ያስነሣል። ቀብድ መስጠት ካለባችሁ መጠኑ ቢጎዳችሁም የማያፈርሳችሁ ይሁን፤ ወረቀቱም ሻጩ ውልና ማስረጃ የሚቀርብበትን ቀን፣ የትዳር ጓደኛ ወይም የቤቱ ተጋሪ የሆነ ሌላ ሰው ከተገኘና ካልተስማማ ገንዘቡ ወዲያው የሚመለስ መሆኑን በግልጽ ይናገር። የእኛው ወረቀት ይህንን አልያዘም ነበር።

ነገሩ የተገለጠው በደረሰኞች ነው። ሻጩ የባንክ ዕዳውን በትክክል መክፈሉን እንድናምንለት ብሎ፣ ከደብዳቤው በተጨማሪ የየወሩን የክፍያ ደረሰኝ በአንድ ሰማያዊ ፋይል አድርጎ ለባለቤቴ ሰጥቶት ነበር። ያን ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ፋይሉን ገለጥኩት። ደረሰኞቹ በዓመት በዓመት ተለይተው በወረቀት ማያያዣ ታስረዋል፣ ጫፋቸውም እንዳይታጠፍ በጥንቃቄ ተደርድሯል። የሂሳቡ ባለቤት የሻጩ ስም ነው። ገቢ አድራጊ በሚለው መስመር ላይ ግን ከጥቂቶቹ በቀር የአንዲት ሴት ስም ተጽፏል፣ ፊርማውም የእርሷ ነው። አንዱን ዓመት ሙሉ ቆጠርኩ፤ ከ12 ደረሰኝ 10 ያህሉ በእርሷ እጅ የተከፈሉ ናቸው። በሁለቱ ጀርባ ላይ ደግሞ በእስክርቢቶ የትንሽ ሂሳብ ድምር አለ፦ የቤት፣ የትምህርት ቤት፣ የመብራት እየተባለ። ያቺን ድምር ሳይ ይህ የአንድ ሰው ቤት እንዳልሆነ ገባኝ።

በማግሥቱ ሻጩን ጠርተን፣ «ወንድሜ፣ እኒህ ገንዘብ ያስገቡት ማን ናቸው?» ብለን ጠየቅነው። «እህቴ ናት» አለ። የአባታቸው ስም ግን አንድ አልነበረም። ባለቤቴ ይህን ሲያሳየው ዝም አለና ቆይቶ፣ «የልጆቼ እናት ናት፤ ግን አላገባኋትም» አለ። አልዋሸም። የወረዳው ወረቀትም ሐሰተኛ አልነበረም። አብረው ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል፣ ሁለት ልጆች ወልደዋል፣ ከአንድ ዓመት በፊት ተለያይተው እርሷ ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ገብታለች፤ ነገር ግን በማዘጋጃ ቤትም ሆነ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት ጋብቻ አልፈጸሙም።

እኔ በዚያ ሰዓት ነገሩ የተፈታ መስሎኝ ነበር፤ ካልተጋቡ ምን አገባን ብዬ። ደግነቱ ባለቤቴ ፊርማ ከመፈጸማችን በፊት ጠበቃ እናማክር አለ። ያማከርናት ጠበቃ ለብዙ ዓመታት የቤተሰብ ጉዳይ የያዘች ሴት ናት፤ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ካየች በኋላ ያስረዳችን ይህንን ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ስለ ጋብቻ ብቻ አይናገርም፤ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ስለሚኖሩ ሰዎችም ደንብ አለው። ግንኙነታቸው ከ3 ዓመት ያላነሰ ከሆነ በዚያ ዘመን በየግል ጥረታቸው ያገኙት ገቢና በዚያ ገቢ ያፈሩት ንብረት የጋራቸው ይሆናል። አብሮ መኖሩም በጎረቤትና በዘመድ ምስክርነት ሊረጋገጥ ይችላል። እንግዲህ «ያላገባ» የሚለው ማስረጃ የሚመሰክረው በመዝገብ ላይ ጋብቻ አለመገኘቱን እንጂ፣ ቤቱ የአንድ ሰው ብቻ መሆኑን አይደለም።

ከዚያ ወረቀት ጋር በተያያዘ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በአገራችን የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በወጥነት የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተፈጸመ የቤተ ክርስቲያን፣ የኒካህ ወይም የአገር ሽማግሌ ጋብቻ በወረዳ መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ሕጉ ግን በሃይማኖትና በባህል ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ በመንግሥት መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው ጋር እኩል ይቀበለዋል። የምስክር ወረቀት ባይኖርም ሁለቱ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ይቆጥሩ እንደነበር፣ ዘመድና አካባቢም እንደዚያው ይቆጥራቸው እንደነበር በምስክር በማስረዳት ጋብቻው ሊረጋገጥ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ከሆነ ከወረዳው ወረቀት ይልቅ የጎረቤቱ ቃል የበለጠ ሊነግራችሁ ይችላል። ወደ ግቢው ስትሄዱ ከደላላው ጋር ብቻ አትሂዱ፤ አንድ ቀን ራሳችሁን ችላችሁ ሂዱና ጥበቃውን፣ የብሎኩን ኮሚቴ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡትን እናት በትሕትና ጠይቁ።

ሻጩ በሕግ ያገባ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነበር። በትዳር ውስጥ ዋጋ ተከፍሎበት የተገኘ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳን፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ ይህ በአዋጁ አንቀጽ 63 ላይ ያለ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ካርታው ላይ ያለው ስም የመጨረሻ ቃል ይመስለዋል። የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየትም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። አንዱ ብቻውን ቢሸጥ ሌላው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ሕጉ ለዚህ ክስ ገደብ አስቀምጧል፤ ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ መደረጉን ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። ገዥ ለሆነ ሰው ይህ ማለት ቤቱን ገዝቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ልጆቹን በአቅራቢያው ትምህርት ቤት አስመዝግቦ ከኖረ በኋላ እንኳን ሁለት ዓመት ሳይሞላው መጥሪያ ሊደርሰው ይችላል ማለት ነው። የከፈለውን ገንዘብ ከሻጩ መልሶ የመጠየቅ መብት ቢኖረውም ሻጩ ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለው፣ የት እንዳለ ማን ያውቃል?

ደላላው ነገሩ ሲጓተት ሌላ መንገድ አመጣ። «ሻጩ ውክልና ይስጣችሁ፤ ስም ማዛወሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለን። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው እውነት ነው፣ በተለይ 5 ዓመት ባልሞላቸው ኮንዶሚኒየሞች ላይ። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቂ ብባል ይህንን ነው የማስጠነቅቀው። ውክልና ባለቤትነትን አያስተላልፍም። ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፣ ሰጪው ሲሞት ደግሞ ውክልናው አብሮ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ገዥው በእጁ ቁልፍ እንጂ መብት የለውም፣ ፊት ለፊቱም የሚቆሙት የሟች ወራሾች ናቸው። ሻጩ ውጭ አገር ሆኖ በእውነተኛ ወኪል የሚሸጥ ከሆነም ጠቅላላ ውክልና በቂ አይደለም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ስለሚያስፈልግ ቤቱን የመሸጥና የመለወጥ ሥልጣን በውክልናው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። የትዳር ጓደኛውም ለብቻዋ የሰጠችው ውክልና መኖሩን፣ ሁለቱም ያልተሻሩ መሆናቸውን ካረጋገጠው መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጠበቃችን «ከሴትዮዋ ሸሽታችሁ መግዛት አትችሉም፤ አግኝታችሁ ግዙ» አለችን። ሻጩ መጀመሪያ አልፈለገም፤ ኋላ ግን ከእርሱ ጋር የሚቀራረብ አንድ ሽማግሌ ሲነግረው ስልኳን ሰጠን። እኔና ባለቤቴ ኮተቤ እናቷ ቤት ሄድን። ልንቀማት የመጣን መስሏት በሩ ላይ ነው የተቀበለችን። ለምን እንደመጣን ባለቤቴ ሲያስረዳት፣ ሰማያዊውን ፋይልም ሳሳያት ደረሰኞቹን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አገላበጠቻቸው። «እነዚህን እኔ ነኝ ያሰርኳቸው» አለች። ከዚያም፣ «ቤቱ ይሸጥ፤ እኔም መሸጡን አልጠላሁም። ለልጆቼ የሚሆን ድርሻዬን ግን በእርሱ እጅ አልቀበልም» አለችን። ያንን ስትል ቁጣ አልነበረባትም፤ ለዚያ ቤት ለዓመታት በየወሩ ባንክ ቤት ተሰልፋ የከፈለችው ገንዘብ የት እንደሚገባ ብቻ ነው ማወቅ የፈለገችው። እንዲህ ያለች ሴት ጠበቃ የማቆም አቅም ባይኖራትም የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር እንደሚሰጥ የነገረቻት ጠበቃችን ናት፤ ከመፈረሟ በፊትም የራሷን ምክር እንድታገኝ የፈለገችው ለእርሷም ለእኛም ደኅንነት ስትል ነው።

ሁለቱ በድርሻቸው እስኪስማሙ ሦስት ወር ፈጀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጠበቃችን ወደ እኛው ዞረች። «ገንዘቡ ከየት ነው? ቤቱስ በማን ስም ይሆናል?» ብላ ጠየቀችን። የውርስ ገንዘብ እንዳለበት ስነግራት ወረቀት አንሥታ መጻፍ ጀመረች፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት የአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰውን አይቼ ስለነበር ወዴት እንደምትሄድ አውቄዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ከእናቷ ቤት ወርሳ ነበር። በአዋጁ መሠረት ተጋቢዎች ከጋብቻ በፊት የነበራቸው፣ ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኙት ንብረት የየግላቸው ነው፤ ስለዚህ ያ ቤት የእርሷ ብቻ ነበር። ለሦስት ዓመት አከራየችው፤ ኪራዩ ግን፣ እርሷ ሳታውቀው፣ የጋራ ገቢ ነበር፣ ምክንያቱም ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም በትዳር ጊዜ የጋራ ይሆናል። ከዚያ ቤቱን ሸጣ በገንዘቡ ሌላ ቤት ገዛች። ባሏ በቅን ልብ፣ በሁለት ሽማግሌዎች ፊት፣ «ይህ ቤት የእርሷ ነው፤ እኔ አልጠይቅበትም» ብሎ በወረቀት ፈረመላት። ከስድስት ዓመት በኋላ ሲፋቱ ያ ወረቀት ምንም አልጠቀማትም። አዋጁ በአንቀጽ 73 በትዳር ውስጥ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ውጤት የለውም ይላልና። የገንዘቡ ምንጭስ? በግል ገንዘብ ወይም ከግል ንብረት ሽያጭ በተገኘ ገንዘብ የተገዛ ንብረት የግል ሊሆን ይችላል፤ ግን በራሱ አይሆንም፣ ከተጋቢዎቹ አንዱ ጠይቆ ፍርድ ቤት የግል ነው ብሎ መወሰን አለበት። እርሷ ይህንን አንቀጽ 58ን በዚያ ጊዜ የሚነግራት አላገኘችም፤ ባሏ በጎ ሰው በነበረበት፣ «እሺ» ብሎ አብሯት ፍርድ ቤት በሚቀርብበት ጊዜ አቤቱታ አላቀረበችም። ነገሩ የተጠየቀው በፍቺው መሐል፣ ሁለቱም በተቆጡበት ሰዓት ነው። ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ በእርቅ ጨረሱት፤ የእናቷ ቤት ዋጋ ከሆነው ሲሶውን ለቀቀች። የባንክ ዝውውሩን ወረቀት እንኳ ሳትይዝ ቀርታ ምስክር ስትፈልግ አብሬያት ዞሬያለሁ።

ስለዚህ የውርስ ወይም የስጦታ ገንዘብ ቤት ላይ የምታውሉ ሰዎች፣ ገንዘቡ የግላችሁ ሆኖ እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ አቤቱታውን ቤቱ በተገዛ ሰሞን አቅርቡ። የወራሽነት ማስረጃውን፣ የመጀመሪያውን ቤት ሽያጭ ውል፣ ገንዘቡ ወደ ሂሳባችሁ የገባበትንና ለአዲሱ ቤት የተከፈለበትን የባንክ ወረቀት አንድ ላይ አስቀምጡ። የውርሱን ገንዘብ ደመወዝ ከሚገባበት ሂሳብ ጋር አትቀላቅሉት። በትዳር ላይ አለመተማመን አድርጎ የሚያየው ሰው አለ፤ እኔ እንደዚያ አላየውም፣ በሰላም ጊዜ የተጻፈ ነገር በጠብ ጊዜ የሚነሣውን ግማሽ ክርክር ያስቀራልና። ገና ያላገባችሁ ከሆነ ደግሞ የጋብቻ ውል ማድረግ ትችላላችሁ፤ በዚያ ውል ስለ ንብረታችሁ የምትስማሙበትን ከመጋባታችሁ በፊት መወሰን በኋላ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ይቀላል።

እኛ የመረጥነው ሌላ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ስንነጋገርበት ከቆየን በኋላ፣ የአባቴ ገንዘብ በጋራ ቤታችን ውስጥ የጋራ ሆኖ እንዲገባ ፈቀድኩ፤ ውሉም ካርታውም በሁለታችን ስም እንዲሆን ተስማማን። ጠበቃችን መዘዙን ነግራኛለች፤ ብንለያይ ቤቱ እኩል ይካፈላል፣ ሊከፈል የማይችል ከሆነም ተሽጦ ገንዘቡ ይካፈላል ወይም አንዳችን የሌላውን ድርሻ ከፍለን እናስቀራለን፤ ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ ቢኖርም የሁለታችን ነው። ያንን ሰምቼ ነው እሺ ያልኩት። የአክስቴ ልጅ ግን ሳታውቅ ነው የሰጠችው፤ ልዩነታችን ይኸው ነው።

እዚህ የጻፍኩት ቤቱ አዲስ አበባ በመሆኑ በፌዴራሉ አዋጅ ላይ የተመሠረተ ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ ባሕር ዳር ወይም አዳማ ቤት የሚገዛ ሰው የዚያን ክልል ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይጠይቅ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የሚሸጥ ባለመሆኑ የሚገዛው ቤቱና የይዞታ መብቱ እንደሆነ ግን በየትም ቦታ አንድ ነው።

የፈረምነው በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። ውልና ማስረጃ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወረፋ ይዘን ነበር። ሻጩ በአንድ በኩል፣ እርሷ ከእናቷ ጋር በሌላ በኩል ተቀመጡ፤ ብዙም አልተነጋገሩም። ውሉ ላይ እርሷ ፈቃድ የሰጠች ሆና ሳይሆን ሻጭ ሆና ነው የገባችው፤ ጠበቃችን በዚህ ላይ ጥብቅ ነበረች፣ ምክንያቱም ፈቃጅ የተባለ ሰው ኋላ ላይ ምን እንደፈቀደ ሊከራከር ይችላል፣ ሻጭ ሆኖ ዋጋውን የተቀበለ ግን የሸጠውን ሸጧል። ዋጋው ከቀብዱ ሌላ በሁለት ሲፒኦ (ባንኩ ክፍያውን ያረጋገጠው ቼክ) ተከፈለ፤ አንዱ በእርሱ፣ አንዱ በእርሷ ስም፣ የእያንዳንዳቸውም መጠን በውሉ ላይ በአኃዝና በፊደል ተጻፈ። ቀብዱም ከእርሱ ድርሻ ላይ ተቀነሰ። የቴምብር ቀረጡንና የስም ማዛወሪያ ክፍያውን ማን እንደሚከፍል፣ እስከ ርክክብ ቀን ያለው የውኃና የመብራት ሂሳብ የማን እንደሆነ አስቀድመን ስለጻፍን በዚያ አልተጨቃጨቅንም።

ሠራተኛው ውሉን ጮክ ብሎ አነበበልንና «ገብቷችኋል?» ብሎ ጠየቀ። እርሷ አንድ ጊዜ እንዲደገምላት ጠየቀች፤ የእርሷ ድርሻ የተጻፈበትን ዓረፍተ ነገር ነበር መስማት የፈለገችው። ተደገመላት፣ ፈረመች። ስንወጣ ሰማያዊውን ፋይል ልመልስላት ዘረጋሁላት። «አንቺ ያዢው፤ የቤቱ ነው» አለችኝ። ስመ ሀብቱ ወደ እኔና ወደ ባለቤቴ ተዛውሮ አዲሱ ካርታ የወጣው ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ዛሬም ከደረሰኞቹ ጋር በዚያው ፋይል ውስጥ ተቀምጧል።